ቱቦው ሲዘጋ እጅ ለምን ይዝላል?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ስለ አንጎል ውሃና ስለ ኅብለ ሰረሰር እንናገራለን ብለን ማስታወቂያ በለጠፍን ጊዜ ከሕግና ከእርሻ ትምህርት ክፍል ያሉ ጓደኞቻችን «ይህማ የሐኪሞች ወሬ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» አሉን። መልሳችን አጭር ነው። ክረምት ገብቶ ወደ መካነ ኢየሱስ፥ ወደ ንፋስ መውጫ፥ ወደ ወገዳ በተመለስን ጊዜ ጎረቤታችን የምንማረው ትምህርት ምን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ የታመመ ልጁን ያሳየናል። ዩኒቨርስቲ የገባ ሁሉ ለእርሱ ሐኪም ነው፤ ጠበቃም ነው፤ ማመልከቻ ጸሐፊም ነው። ስለዚህ የሕጉም የእርሻውም ተማሪ አንድ ነገር ይዞ እንዲሄድ እንፈልጋለን። ይኸውም ከጭንቅላቱ ውሃ የሚያወርድ ቱቦ የተተከለለት ልጅ እጁ ቢዝል፥ ጀርባው ቢጎብጥ፥ የሽንቱ ነገር ቢለወጥ፥ ራሱን ባያመውም እንኳ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ቱቦው ነው።

ይህን የተማርነው በመሳሳት ነው። ነገሩ እንዲህ ነበር።

ከመካከላችን አንዱ ለዕረፍት እስቴ ወርዶ ሳለ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ አሳዩት። ስሟን አንጠራም። ስትወለድ በወገቧ ላይ እባጭ ነበረባት፤ እሱ በቀዶ ሕክምና ተዘጋ። ከዚያም ጭንቅላቷ ማደግ ስለ ጀመረ ቱቦ ተተከለላት። እግሯ ደካማ ቢሆንም በምርኩዝ ትሄድ ነበር፤ ትምህርት ቤትም ገብታለች። እናቷ ያሳሰባቸው ግን ሌላ ነገር ነው። «ስኒ አቀብይኝ ስላት ይወድቅባታል። ሰነፍ ሆነች ብዬ ተቆጣኋት። ኋላ የጋለ ጀበና በመዳፏ ደግፋ ይዛ ቆማ አየኋት። መዳፏ ተልጦ ሳለ አንድ ጊዜ እንኳ አላለቀሰችም» አሉ።

ጓደኛችን የሚያውቀውን ጠየቀ። «እትዬ፥ ራሷን ያማታል? ያስመልሳታል? እንቅልፍ ያበዛባታል?» አለ። እናት ሁሉንም የለም አሉ። እንግዲያው ቱቦው ደኅና ነው፤ ይህ ከወገቧ የመጣው የድሮው ሕመም ነው፤ ከመስቀል በኋላ ሲመቻችሁ ብትወስዷት ይበቃል ብሎ አሰናበታቸው። እኛም ሲነግረን ደኅና መለስክ አልነው። ጥያቄዎቹ ልክ በደብተራችን እንደ ተጻፉት ነበሩና።

ልጅቱ ከተማ ሆስፒታል የደረሰችው ከሁለት ወር በኋላ ነው። በዚያ ጊዜ ቀኝ ትከሻዋ አዘንብሎ፥ አከርካሪዋ እንደ እባብ ተጣምሞ ነበር። የተቀበሏት ሐኪም ወገቧን ከማየታቸው በፊት «ይህ ቱቦ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁ። ከተተከለ ወዲህ ያየው ሰው አልነበረም። ተራ ራጅ ተነሣች፤ ቱቦው አንገቷ ላይ ተበጥሶ ተገኘ። ልጅ ታድጋለች፤ ቱቦው አያድግም። በኤም አር አይ ሲታይ ደግሞ ከአንገቷ እስከ ደረቷ ድረስ በኅብለ ሰረሰሯ ውስጥ ረጅም የውሃ ጉድጓድ ተቆፍሮ ነበር።

እንግዲህ የጭንቅላት ቱቦ ቢበጠስ ኅብለ ሰረሰር ውስጥ ውሃ እንዴት ይገባል? ይህን ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ።

በአንጎላችን ውስጥ እርስ በርሳቸው የተያያዙ አራት ክፍሎች አሉ። በነዚህ ውስጥ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ይመነጫል። መጠኑ በአዋቂ ሰው በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ነው፤ ባንድ ጊዜ በውስጣችን የሚገኘው ግን 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ስለ ሆነ፥ ውሃው በቀን ሦስት ጊዜ ያህል ይታደሳል ማለት ነው። ከላይኞቹ ሁለት ክፍሎች ወደ ሦስተኛው፥ ከሦስተኛው በአንዲት ቀጭን ቦይ ወደ አራተኛው ይወርዳል፤ ከዚያ ወጥቶ አንጎልንና ኅብለ ሰረሰርን ከውጭ ካጠበ በኋላ ወደ ደም ይመለሳል።

የአገራችን ልጆች ጉማራና ርብ ከጉና ወርደው በፎገራ አልፈው ጣና መግባታቸውን ያውቃሉ። ክረምቱ ሲከፋ ውሃው መሄጃ አጥቶ ፎገራ ሜዳ ላይ ይተኛል። መንገድ ያጣ ውሃ የድሮ ቦይ ካገኘ በዚያ ይገባል፤ የማንም ማሳ ቢሆን አይጠይቅም። በሕፃኑም ጭንቅላት ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው። ምንጩ አይቆምም፤ መውጫው ግን በመግል፥ በደም፥ በዕጢ ወይም በተፈጥሮ ጥበት ይዘጋል። የሕፃን የራስ ቅል ገና ስላልገጠመ ጭንቅላቱ ይሰፋል። ይህን ነው ሃይድሮሴፋለስ የምንለው።

የድሮው ቦይ ደግሞ አለ። ከአራተኛው ክፍል ታችኛ ጫፍ ተነሥቶ በኅብለ ሰረሰር መካከል ቁልቁል የሚወርድ እንደ ፀጉር የቀጠነ ቀዳዳ ነው። ፅንስ ሳለን ክፍት ነበር፤ በብዙ ሰው እያደገ ሲሄድ ይዘጋል። ወገባቸው ክፍት ሆኖ በሚወለዱ ልጆች ግን፥ ማለት ስፓይና ቢፊዳ ባለባቸው፥ ብዙ ጊዜ ሳይዘጋ ይቀራል። በነዚህ ልጆች ላይ የአንጎል የኋላ ክፍል ወደ አንገት ወርዶ መውጫውን ያጣብበዋል። ይህን አወራረድ እ.ኤ.አ. በ1891 በፕራግ ከሬሳ ምርመራ ተነሥቶ የጻፈው ሐንስ ኪያሪ ስለ ሆነ በስሙ ይጠራል። እንግዲህ ቱቦው ሲዘጋ በአንጎል ክፍሎች ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ የተለመደው መውጫ ጠባብ ነው፤ ውሃው በድሮው ቦይ ወደ ኅብለ ሰረሰር ይገፋል። በክሊቭላንድ የነበረው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጀምስ ጋርድነር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዓመታት ይህን ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሊቃውንት ሐሳቡ ለሁሉም ዓይነት በሽተኛ አይሠራም ብለው ተከራክረውታል፤ ልክም ናቸው። ሆኖም ቱቦ ላላቸው ለነዚህ ልጆች እስካሁን የሚያስረዳን እርሱ ነው። የተበላሸው ቱቦ ሲታደስ የኅብለ ሰረሰሩ ጉድጓድ ብዙ ጊዜ እየጠበበ መሄዱ ለዚህ ማስረጃ ነው።

ጉድጓዱ ሲሪንክስ ይባላል። ከመካከል ወደ ውጭ እየሰፋ ሲሄድ መጀመሪያ የሚያገኘው የሕመምና የሙቀት ስሜትን ይዘው ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው የሚሻገሩትን ጭረቶች ነው። የመነካትን ስሜት የሚሸከሙት በሌላ ስፍራ ስለሚያልፉ ይተርፋሉ። ስለዚህ ልጅቱ ጀበናው መዳፏን እንደ ነካት ታውቃለች፤ መጋሉን ግን አታውቅም። ቀጥሎ የእጅ ጡንቻ የሚያዙ ሴሎች ይጎዳሉ፤ ስኒ ይወድቃል። የጀርባን ጡንቻ በግራና በቀኝ እኩል የሚይዙት ሲዛቡ አከርካሪው ይጣመማል። በእግርም ግትርነት ይመጣል፤ ሽንት መቆጣጠር ይቀየራል። ራስ ምታትና ማስመለስ ያልታየባት ምናልባት ውሃው ሌላ ማምለጫ ስላገኘ ይሆናል። በጥያቄያችን የሳትነው እዚህ ላይ ነው። «ራሷን ያማታል?» ብሎ መጠየቅ ትክክል ነው፤ «የለም» ሲሉን ማቆማችን ነበር ስሕተቱ።

ስለ ቱቦው ራሱ ጥቂት እንበል። ሻንት ይባላል። አንዱ ጫፉ በአንጎል ክፍል ውስጥ ነው፤ ከጆሮ በስተኋላ ቫልቭ አለው፤ ከዚያ በአንገትና በደረት ቆዳ ሥር ወርዶ ሆድ ውስጥ ይገባል፤ ውሃውን ሆድ ይመጠዋል። የሚሠራ ቫልቭ ከሠሩት መካከል ስሙ የሚነሣው ሐኪም አይደለም፤ የፊላዴልፊያ የመካኒክ ባለሙያ ጆን ሆልተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ወገቡ ክፍት የሆነ፥ ኋላም ጭንቅላቱ ውሃ የያዘ ወንድ ልጅ ተወለደለት። ሐኪሙ ዩጂን ስፒትስ የነበረው ቫልቭ እንደማይረባ ሲነግረው፥ አባት ወደ ሥራ ቦታው ሄዶ ከሲሊኮን አዲስ ቫልቭ ሠራ። በ1956 በሰው ላይ ተተከለ፤ በዓለም ላይ የብዙ ሺህ ልጆችን ሕይወት አተረፈ። የሆልተር ልጅ ራሱ ግን ገና ሕፃን ሳለ ዐረፈ። እኛ ይህን ታሪክ የምናነሣው ሻንት ፍጹም መሣሪያ አለመሆኑን ከመነሻው ጀምሮ ሠሪው ያውቅ እንደ ነበር ለማመልከት ነው። ባደጉት አገሮች ሆስፒታሎች እንኳ ከአሥር ሻንቶች ሦስት ወይም አራት ያህሉ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ይበላሻሉ። ይደፈናል፤ ይበጠሳል፤ ጫፉ ከቦታው ይሸሻል፤ ተሐዋስያን ይገቡበታል። ሻንት የተተከለለት ሰው ዳነ አይባልም፤ ዕድሜ ልኩን ጠባቂ ያስፈልገዋል።

መምህራኖቻችን «ታዲያ የእግር መድከም ሁሉ ከሻንት ነውን?» ብለው ቢጠይቁን፥ አይደለም እንላለን። ወገባቸው በተሰፋላቸው ልጆች ላይ ኅብለ ሰረሰሩ ከጠባሳው ጋር ተጣብቆ፥ ልጁ ሲያድግ እየተወጠረ የሚደክምበት ሌላ ሕመም አለ። ምልክቱ ከዚሁ ጋር እጅግ ይመሳሰላል። ለዚህ መፍትሔው ወገብ ላይ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ነው። ነገር ግን በነርቭ ቀዶ ሕክምና ዘንድ የታወቀ ደንብ አለ፤ ወገቡን ከመክፈት አስቀድሞ ሻንቱ መሥራቱ ይረጋገጥ ይላል። ሻንቱ ተዘግቶ ሳለ ወገቡን የከፈተ ሰው ልጁን ሁለት ጊዜ ይጎዳዋል። ደግሞም ከማጅራት ገትር ወይም ከአንጎል ሽፋን የሳንባ ነቀርሳ በኋላ ጠባሳ ኅብለ ሰረሰሩን አንቆ ጉድጓድ የሚያበጅበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ሻንት መለወጥ ብቻውን ላይበቃ ይችላል።

ተቃራኒውም አለ፤ ጥቂት ሰው ላይ ስለሚደርስ በአጭሩ እናልፋለን። ሻንት ሳይዘጋ ከልክ በላይ ሲያፈስስ የራስ ቅል ዝግ ሣጥን ስለ ሆነ በጎደለው ውሃ ቦታ የደም ሥሮች ያብጣሉ። በአንገት ላይ በኅብለ ሰረሰር ዙሪያ ያሉት ደም መላሾች አብጠው ኅብለ ሰረሰሩን እስከ መጫን የሚደርሱበት ጊዜ አለ። የዚህ በሽተኛ ራስ ምታት ሲነሣ ይብስበታል፤ ሲተኛ ይሻለዋል። እጅና እግሩ ሲገትር ያየ ሰው «ቱቦው ተዘግቷል» ብሎ ውሃውን የበለጠ እንዲፈስ ቢያደርግ ይከፋል። እዚህ መድኃኒቱ ቫልቩን ማጥበቅ ነው።

ከሁሉ የሚያስቸኩለው ግን ሌላ ነው። ወገቡ ክፍት ሆኖ የተወለደና ሻንት ያለው ሕፃን ድምፁ ቢጎረና፥ ሲተነፍስ ቢያፏጭ፥ ጡት ሲጠባ ቢያንቀው ጉንፋን ነው ብሎ ማሳደር አይገባም። ወደ አንገት የወረደው የአንጎል ክፍል ተጨንቋል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ትንፋሽ ሊቆም ይችላል። እንዲህ ባለ ልጅ ላይ ከወገብ ውሃ መቅዳት አደገኛ መሆኑን የሕክምና ተማሪ ጓደኞቻችን ከአሁኑ በልባቸው ይያዙት። ቫልቩን በጣት እየጫኑ «ይሠራል፤ አይሠራም» ማለትም የሚታመን ምርመራ አይደለም። ሲቲ ስካን ተነሥቶ የአንጎል ክፍሎች አልሰፉም ቢባል እንኳ ሻንቱ ደኅና ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ከድሮው ፎቶ ጋር ካልተነጻጸረ በተለይ።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ከመካነ ኢየሱስ ተነሥቶ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥበት ለመድረስ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር መግባት ይጠይቃል። ከስማዳ ቆላ የሚነሣ ሰው ደግሞ መጀመሪያ መኪና መንገድ እስኪደርስ ልጁን ይሸከማል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በደረሰው ግጭት መንገድ የተዘጋበት ቀን ጥቂት አልነበረም። እንዲህ ባለ ስፍራ «ከመስቀል በኋላ ይወስዷት» ማለት ምን እንደሚያስከትል እኛ ራሳችን አይተናል።

ስለ ሩቅ አገር ልጅና ስለ ሻንት በአፍሪካ ውስጥ ጠንክሮ የታሰበው በኡጋንዳ ነው። በምባሌ ከተማ በተቋቋመው የሕፃናት ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሐኪም ቤንጃሚን ዋርፍ ሁለት ነገር ፈተነ። መጀመሪያ በሕንድ አገር የተሠራውን ርካሽ የቻብራ ሻንት ከውዱ የምዕራብ አገር ሻንት ጋር በ195 ልጆች ላይ አወዳደረ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ውጤት በአንድ ዓመት ውስጥ በመካከላቸው ልዩነት አለመገኘቱን አሳየ። ውዱን መግዛት ያልቻለ አገር ልጆቹን የሚያሳንስ መሣሪያ አልሰጣቸውም ማለት ነው። ሁለተኛው ግን ይበልጥ ያስደንቃል። ሻንት የተበላሸበት የገጠር ልጅ ሆስፒታል ሳይደርስ እንደሚሞት ስላየ፥ ያለ ቱቦ የሚደረግ ሕክምና አስፋፋ። በቀጭን መመልከቻ ገብቶ በሦስተኛው ክፍል ወለል ላይ ለውሃው አዲስ መውጫ መብሳት፥ ከዚያም ውሃ የሚያመነጨውን ሥጋ መተኮስ ነው። በ100 ሕፃናት ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ጥናት በአንድ ዓመት የአእምሮ እድገት ከሻንት ጋር ልዩነት አላገኘም። ለሁሉም ልጅ አይሆንም፤ የተበሳውም ሊደፈን ይችላል። ነገር ግን በሚሆንለት ልጅ አካል ውስጥ የሚበጠስ ቱቦ የለም።

በአገራችን የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ከኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርስቲ ጋር በመተባበር ነው። ከዚያ በፊት ለመላው አገር የነበሩት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ ሙያው ከአዲስ አበባ ውጭም ወጥቷል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም የነርቭ ቀዶ ሐኪም ባሕር ዳር መቀመጡ የእስቴዋን ልጅ የሚጠቅማት፥ መካነ ኢየሱስ ላይ ያያት ሰው ሻንቱን ከጠረጠረ ነው። ተራ ራጅ የተበጠሰን ቱቦ ያሳያል፤ ለዚህ የነርቭ ሐኪም አያስፈልግም፤ ጥያቄውን የሚጽፍ ሰው ግን ያስፈልጋል።

ከርእሳችን ትንሽ ብንወጣ ይቅርታ አድርጉልን። ለምንድን ነው ይህን ያህል ልጅ ወገቡ ክፍት ሆኖ የሚወለደው? በትግራይ ስምንት ሆስፒታሎች ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ከ10,000 ልደት 131 ያህሉ የአንጎል ወይም የኅብለ ሰረሰር ክፍተት እንዳለባቸው አግኝቷል፤ በዓለም ካሉት ከፍተኛ ቁጥሮች አንዱ ነው። ዋናው ምክንያት የፎሊክ አሲድ ማነስ ነው። የፅንሱ ኅብለ ሰረሰር የሚዘጋው በ28 ቀን ገደማ ሲሆን፥ ያን ጊዜ እናት ማርገዟን እንኳ አታውቅም፤ ስለዚህ ክኒኑ ከእርግዝና ምርመራ በኋላ ቢሰጣት ለዚህ አይደርስም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2022 የፋብሪካ የስንዴ ዱቄት እንዲበለጽግ አስገዳጅ አድርጓል። መልካም ነው። ግን የእስቴ ገበሬ ገብሱንና ጤፉን ከራሱ ጎታ አውጥቶ በሰፈሩ ወፍጮ ያስፈጫል። የፋብሪካው ዱቄት በቤቱ አያልፍም። በሁሉም ቤት የሚገባው ጨው ነው፤ ፎሊክ አሲድ በጨው ላይ የመጨመር ሐሳብም በአገራችን ሲጠና ቆይቷል። የእርሻና የኬሚስትሪ ተማሪዎች «እኛን ምን አገባን» ላላችሁት መልሱ እዚህ ነው።

የልጅቱን ነገር ጀምረን አልጨረስንም። ቱቦዋ ተለወጠ። በሳምንታት ውስጥ የእጇ ጉልበት ተመለሰ፤ እርሳስ ትይዛለች፤ ስኒ ታቀብላለች። ጀርባዋ መጣመሙን አቆመ፤ ተመልሶ ግን አልቀናም። የቀኝ መዳፏም ሙቀትን ዛሬም አያውቅም፤ ስለዚህ እናቷ እሳት አጠገብ አያስቀርቧትም። ሁለቱ ወር ባያልፍ ኖሮ ይህም ይመለስ ነበር ወይ ብለን ሐኪሟን ጠየቅናቸው። ቀድሞ መምጣት ይሻል ነበር ከማለት በቀር ሌላ አልጨመሩም፤ እኛም አልገፋናቸውም።

ጠበል ወስደዋት እንደ ነበር እናቷ ሲነግሩን እንደ ማፈር ብለው ነበር። ማፈር አይገባቸውም። ወደ ጠበል መሄድ ራጅ መነሣትን አይከለክልም። ወጌሻ አንገት ላይ ቱቦ ባለበት ቦታ እንዳያሽ መንገር ግን ያስፈልጋል።

በመጨረሻ የምናስታውቀው ነገር አለ። ልጅቱ ሆስፒታል ስትደርስ ቱቦው መቼ፥ በየትኛው ጎን፥ በምን ዓይነት ቫልቭ እንደ ተተከለ የሚናገር ወረቀት አልነበራትም። እናቷ ያወቁት ዓመቱን ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጅተናል። የልጁ ስም፥ የተተከለበት ቀንና ሆስፒታል፥ የቫልቩ ዓይነት፥ ጎኑ፥ የተለወጠበት ቀን ይጻፍበታል። ከግርጌው እናትም ልትጠይቃቸው የምትችላቸው ጥያቄዎች በቀላል አማርኛ አሉ፤ ስኒ ይወድቅበታል ወይ፥ ሙቅና ቀዝቃዛ ይለያል ወይ፥ ትከሻው እኩል ነው ወይ፥ ሽንቱ ተለውጧል ወይ፥ ሲውጥ ያንቀዋል ወይ የሚሉ ናቸው። በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አባዝተን አስቀምጠናል። ወደ ጋይንት፥ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ የምትሄዱ ከመሳፈራችሁ በፊት ጥቂት ቅጂ ውሰዱ፤ ቀሪውን ለጤና ኬላ ስጡ። በላስቲክ ቢሸፈን ይሻላል፤ የጎጆ ጢስና የክረምት ጠብታ ወረቀት አያስቀርም።